የቁጥር አርባ ምጥ

ሳጅኑ ቃሌን አልጻፈውም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷ በሞተች ማግስት፣ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የጥበቃውን ቃል ጻፈ፣ የሾፌሩን ጻፈ፣ ወተት ሊወስድ የመጣውን ሰውዬ ሳይቀር ጻፈ። እኔ ዘንድ ሲደርስ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ሰካ።

«እማማ፣ ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?»

«ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዬ ፍየል ነው። ምነው?»

«ነገሩ የሳይንስ ሥራ ስላለበት ነው። እርስዎ አይድከሙ።»

«ሶያማ አልገደላትም።»

«እሺ፤ አይድከሙ አልኩ እኮ።»

አይድከሙ! አርባ ዓመት ፍየል የነገድኩ ራቢአ ነኝ። ከሰበታ ተፍኪ፣ ከተፍኪ መናገሻ በእግሬ ነድቻለሁ። ጥርሷን አይቼ ዕድሜዋን፣ አረማመዷን አይቼ የምጧን ቀን እናገራለሁ። ባሌ ከሞተና ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ሱሉልታ ዳገቱ ላይ ካለው የከድሩ ፍየል እርባታ ገብቼ አላቢ ሆንኩ። በዚያ በረት ከእኔ እጅ ያላለፈ ጡት የለም። ታዲያ ጢሙ ገና እዚህም እዚያም የበቀለ ሳጅን እንደ ወንበር አልፎኝ ሄደ።

የሞተችው ላሊሴ ናት፤ የቡራዩ ልጅ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሥራዋ የፍየሎቹን ደም ቀድታ ጂናቸውን፣ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን የገላ ትእዛዝ፣ በማሽን ማንበብ ነው። አርብ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ የዘር ማቆያው ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች። ክፍሉ የአውራ ፍየል ዘር ናይትሮጂን በሚሉት እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ተነክሮ የሚቀመጥበት፣ ከሽንት ቤት የማይሰፋ ጎጆ ነው። ፈሳሹ ሲደፋ ጉም ይሆንና አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። አይሸትም፣ አያስልም፤ ሰው ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ይወድቃል። በሩ ከውጭ ተሸጉሮ ነበር። የአየር ቀዳዳው በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፎ ነበር።

ከረጢቱ ሣር የሚታጨድበት፣ የፍየል ጠባቂያችን የሶያማ ነው። ሬሳዋን ያገኘውም እሱ ነው። ከሳምንት በፊት ደግሞ በር ክፍት ትቶ ግልገል በውሻ ስላስበላ ላሊሴ በሰው ፊት ጮኻበታለች። ለሳጅኑ ይኸ በቃው። እጁን አስሮ ወሰደው።

ሶያማ ከደቡብ መጥቶ ስድስት ዓመት እኔ ግቢ የተከራየ ሰው ነው። እሱ ጌታ ሲል፣ እኔ አላህ ስል፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳንለዋወጥ ኖረናል። ሚስቱ ኤዶም ስምንት ወር ሆኗታል። ሆዷን ደግፋ ቀን በቀን ምሳ ቋጥራ ወደ ጣቢያ ትወርዳለች። «እማማ፣ ዕድሜ ልክ ይፈርዱበታል አሉ፤ እውነት ነው?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ረቡዕ ዕለት ከበላይ የተላከች መርማሪ መጣች። አጭር ናት፤ ቦት ጫማ፣ ያረጀ ጃኬት። ሁሉም ወደ ላሊሴ አለቃ ወደ ዶክተር ፈቀደ ቢሮ ሊመራት ሲሽቀዳደም እሷ ወደ በረቱ ገባች። እኔ ባልዲ እያጠብኩ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ አደ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

«ፈያዳ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የጉታ። ዱርሲቱ እባላለሁ፤ ኢንስፔክተር ነኝ።» ጎንበስ ብላ ሌላኛውን ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። «የሁሉም ሰው ቃል መዝገቡ ላይ አለ፤ የእርስዎ ብቻ የለም። ስለዚህ ከእርስዎ ልጀምር።»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እንዳታየው ባልዲውን አንኳኳሁት።

«ላሊሴ ምን ትሠራ ነበር? በእርስዎ አፍ ይንገሩኝ፤ የወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ አልገባኝም።»

«ከድሩ ቀንድ የሌላቸው ፍየሎች ሊሸጥ ፈለገ። ጎዳ እንላቸዋለን። መኪና ላይ ሲጫኑ አይዋጉም፣ ቆዳ አይቀዱም። ዶክተር ፈቀደ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎዳውን አውራ ከጎዳ እናቶች እያዳቀለ አበዛቸው። ጎዳን ከጎዳ አታዳቅሉ ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ። ላሊሴ ደግሞ ቀንድ የሚከለክለው ነገር በጂናቸው ላይ የቱ ጋ እንደሆነ ትፈልግ ነበር።»

«አገኘችው?»

«አገኘችው። ስታገኘው ግን ፊቷ ጠቆረ። ምነው ስላት እንዲህ አለችኝ፦ ‹እማማ፣ ቡራዩ ያደግኩበት ሰርቪስ ቤት ስድስት በር ነበረው፤ ግድግዳው የጋራ ነው። የእኛ መብራት ማብሪያ የነበረው በጎረቤታችን ክፍል ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ክፍሏን ላስፋ ብላ ግድግዳውን አፈረሰች፤ እኛ ጨለመብን። ጂንም እንዲህ ነው። በፍየልም በሰውም ገላ ውስጥ በረጅም ክር ላይ ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ተራርቀው ነው ያሉት። አንዳንዶቹ ግን ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀዋል። አንዳንዶቹ ጭራሽ ተደራርበው፣ ያንኑ አንዱን ክር አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ እያነበበው ይኖራል። ትልቁ ሆድ ውስጥ የተኛ ትንሽም አለ። ስለዚህ አንዱን ሲቆርጡ ሌላ የማን መብራት እንደሚጠፋ ሳያጣሩ መቁረጥ የለም።›»

ዱርሲቱ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፤ ቀና ሳትል «ሌላስ? ከአርብ ወዲህ በረቱ ውስጥ ቦታውን የሳተ ነገር አይተዋል?» አለችኝ።

«ሶያማ ከተወሰደ ወዲህ ምን ቦታውን ያልሳተ አለ! ቅዳሜ ጠዋት የቁጥር አስራ ሰባት መንታ ግልገሎች የቁጥር አርባ ጉረኖ ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።» በእኛ በረት ፍየል በጆሮዋ ቁጥር ነው የምትጠራ። «አርባ ጎዳዋ ናት። መልሼ ለእናታቸው ሰጠኋቸው።»

«ማን አስገባቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። አርብ ማለዳ አልቤ ሰበታ ለቅሶ ወረድኩ፤ የተመለስኩት ሬሳው ከወጣ በኋላ ነው።»

ተነሥታ ባልዲውን መለሰችልኝ። «አብረውኝ ይዙሩ። መንገዱን ያሳዩኛል።»

መንገዱ ሃምሳ እርምጃ ነው። ገባኝ፤ ባልዲውን አኑሬ ተከተልኳት።

መጀመሪያ በሩ ጋ ሄድን። ጥበቃው ሞቱማ ፖሊስ ባየ ቁጥር ቆቡን ያወልቃል።

«ኦቦ ሞቱማ፣ አርብ ዕለት ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«ኦቦ ከድሩ ከሾፌሩ ጋር ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ፤ ለሰርግ፣ ተፍኪ። ሶያማ ከምሳ በኋላ በጓሮ በኩል ወደ ዳገቱ ወጣ፣ ሣር ሊያጭድ። የቀረነው እኔ፣ ላሊሴና ዶክተሩ ነን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ላሊሴ እዚህ መጥታ ከእኔ ጋር ሻይ ጠጣች። ‹ኦቦ ሞቱማ፣ ለሰኞ ይጸልዩልኝ› አለችኝ። በሕይወት ያየኋት የዚያን ጊዜ ነው።»

«እርስዎስ ከበሩ ተነሥተዋል?»

«ካሜራው ከራሴ በላይ ነው ያለው፣ ልጄ። እስከ አስር ሰዓት አንዴ እንኳ አልተነሣሁም። ሽንቴን እንኳ ይዤ ነው።»

«አይተነዋል። እንኳን ያዙ» አለች ዱርሲቱ።

ከድሩ መኪናው ውስጥ ስልክ ያወራል። ሲያየን ዘጋው። «እኔማ ሦስት መቶ ሰው ምስክር አለኝ። ቪዲዮም አለ፤ ስበላ ሦስት ጊዜ ቀርጸውኛል፤ ሚስቴ አፍራብኛለች።»

«ሰኞ ገዢዎች ሊመጡ ነበር አሉ።»

«ነበር። ቀርቷል።»

«ላሊሴ በነሱ ፊት ልትናገር ነበር?»

«የምናገረው አለኝ አለች። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ‹መጀመሪያ ለአለቃዬ ለዶክተሩ ልንገር፤ ከኋላው አልሄድም› አለችኝ።» ከድሩ መሪውን በእጁ መታ መታ አደረገው። «ጨዋ ልጅ ነበረች።»

ጨዋነት ነው የገደላት፤ ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

የዶክተር ፈቀደ ቢሮ ይሞቃል፤ ምንጣፍ አለው። እሱ ዘወትር ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ ከበረቱ ጭቃ እንደ ድመት የሚሸሽ ሰው ነው። እኔን ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ።

«አሮጊቷ ምን ትሠራለች እዚህ?»

«መንገድ እያሳዩኝ ነው» አለች ዱርሲቱ።

«መንገድ?» ብሎ ሳቀ። «እሺ። ለሳጅኑ የተናገርኩትን ልድገምልሽ። ላሊሴ ጎበዝ ነበረች፤ ግን ቸኩላ የምትደመድም። ሶያማን ደግሞ እንዲባረር ጠይቃኛለች። እሱ ይህን ሳይሰማ አልቀረም። ያሳዝናል።»

«ከስምንት ተኩል እስከ አስር እርስዎ የት ነበሩ?»

መዝገቡን ገልጦ ወደ እሷ አዞረው። «እዚህ። ፍየል ሳዋልድ።»

ዱርሲቱ ጮክ ብላ አነበበች፤ ለእኔ እንደሆነ ገብቶኛል። «‹አርብ። እናት፦ ቁጥር አርባ፣ ቀንድ አልባ። ምጥ የጀመረችበት፦ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። የወለደችበት፦ ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ግልገሎች፦ መንታ፣ ጤነኛ። አዋላጅ፦ ዶክተር ፈቀደ።›»

«አርባ?» ልል አፌን ከፈትኩ። ዱርሲቱ ዘወር ብላ ፊቴን አየች። ወዲያው ዓይኗን ወደ እሱ መለሰች።

«እግርዎን ምን ሆኑ?»

ከጠረጴዛው ሥር ያ ጫማ ወዳዱ ሰው ነጠላ ጫማ አድርጓል። በሱሉልታ ብርድ፣ በዚያ ዝናብ!

«ያቺው ፍየል ስታምጥ ረገጠችኝ» አለ። «የሙያ አበሳ ነው።»

«እግዜር ይማርዎ» አለችና መዝገቡን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። «ይኸን ለአንድ ቀን እወስደዋለሁ።»

በረቱ ጓሮ ደርሰን ነው የተናገርኩት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። አንድም ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» አላለችኝም። «ነገ በምን እናሳያቸዋለን?» ነው ያለችኝ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሁሉም በረቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ከድሩ መሀረብ አፍንጫው ላይ አድርጓል። ሞቱማ ቆቡን በእጁ ይዟል። ሳጅኑ ከሌላ ፖሊስ ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ዶክተር ፈቀደ ሰዓቱን ያያል። ከአዲስ አበባ የተጠራች አንዲት የእንስሳት ሐኪም፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከጉረኖው ጎን ትጠብቃለች። አንድ ሰው ብቻ ጎድሏል፤ እሱ ታስሯል።

«ከከረጢቱ ልጀምር» አለች ዱርሲቱ። «ሳጅን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ ዝናብ ነበር?»

«ሲያወርደው ነበር።»

«ሶያማ ሣር ያመጣባቸው ሁለት ከረጢቶች አሁንም አሉ፤ በጭቃ ተለውሰዋል። ቀዳዳውን የወተፈው ሦስተኛው ግን በፎቶዎ ላይ ደረቅ ነው፤ ጭድ ብቻ ነው ያለበት። ከዳገቱ አልመጣም። እዚህ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ነው፤ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊወስደው ይችላል። ከረጢቱ የሶያማ ነው፤ እጁ ግን የማንም ሊሆን ይችላል።»

ሳጅኑ ፎቶውን አውጥቶ አየ። 

«ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። ሟቿን እንተዋት። ኦቦ ሞቱማን ካሜራው ሲጠብቃቸው ውሏል። የሚቀሩት ዶክተሩ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ልጅቷ በሞተችበት በዚያው ሰዓት ፍየል እያዋለዱ ነበር።»

«በጽሑፍ» አለ ፈቀደ።

«በጽሑፍ። ፍየሏን ያሳዩን።»

እጁን ወደ አርባ ዘረጋ። አርባ መልከ መልካም ናት፤ ሰፊ ደረት፣ አንገተ ወፍራም፣ ራሷ ልሙጥ።

«ይቺ ናት መንታ የወለደች?»

«ናት።»

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«በእጄ ነው የተቀበልኳቸው።»

«አደ ራቢአ፣ እስቲ ይለቧት።»

ቁጢጥ አልኩ። ጡቷን ያዝኩ፤ የምይዘው ነገር ግን አልነበረም። ሁለት ጫፎች፣ የወጠጤ ያህል። ጨመቅኩ፤ ደረቅ። «ከዚህች ወተት ከወጣ፣ ከዚህ ምሰሶም ይወጣል» አልኩ።

«ነጥፎባት ይሆናል» አለ ፈቀደ። «ይከሰታል።»

«በስድስት ቀን? መንታ ወልዳ? እንገሯን ማን ጠጣው፣ አንተ?»

ከድሩ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ግልገሎቹን ይልቀቋቸው» አለች ዱርሲቱ።

ሞቱማ የጉረኖውን በር ከፈተ። ሁለቱ ግልገሎች በቁጥር አርባ እግር ሥር ሾልከው አለፉ፤ አላዩዋትም። እየጮሁ በረቱን አቋርጠው ቀንዳሟ አስራ ሰባት ሥር ገቡ። እሷም ጅራታቸውን አሽትታ ዝም አለች፤ ጭራቸውን እያርገበገቡ ጠቡ።

«አስራ ሰባት የወለደችው አርብ ማለዳ ነው» አልኩ። «እንገሯን በገዛ እጄ አልቤ፣ ለሞቱማ በጣሳ ሰጥቼው ነው ለቅሶ የሄድኩት።»

«አፍልቼ በላሁት» አለ ሞቱማ። «ዶክተሩ ገና ከቤታቸው አልመጡም ነበር።»

«አሮጊትና ዘበኛ!» አለ ፈቀደ። «የነሱን ወሬ ከመዝገብ ታስበልጫለሽ?»

«የሐኪሟንስ?» አለች ዱርሲቱ።

ሐኪሟ ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ዛሬ ጠዋት መርምሬያታለሁ። ቁጥር አርባ ከውጭ ሴት ትመስላለች። እንቁላል የምታፈልቅበት አካል ግን የላትም፤ በምትኩ ያለው የወንድ ፍሬ ዓይነት ነው። አልወለደችም። ልትወልድም አትችልም።»

«ፍናፍንት ናት በላ!» አልኩ። «ጎዳ ከጎዳ የወለዳት ሴት እንዲህ ናት። አባቴም ያውቀዋል፣ የአባቴ አባትም ያውቀዋል። ለዚህ ነው የፍየል ሰው ጎዳ አውራ ሲኖረው ቀንዳም እናት የሚፈልግለት። ለላሊሴ ይህን ስነግራት ከወንበሯ ተነሣች። ‹ማሽኑ ያሳየኝን ነው የሚነግሩኝ› ብላ ወረቀቷ ላይ ስሜን ጻፈች።»

ዱርሲቱ ከጃኬቷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ፈቀደ ሲያየው ከንፈሩ ነጣ።

«ከሟቿ ኮምፒውተር ላይ ተፍቋል፤ ማንበቢያው ማሽን ግን የራሱን ቅጂ አስቀርቶ ነበር። የሚለው ይኸ ነው፦ እነዚህ ፍየሎች ቀንድ ያጡት ከክሩ ላይ አንዲት ቁራጭ ስለጎደለች ነው። ያቺ ቁራጭ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ሴቷን ሴት የሚያደርገው ጎረቤት ጂን የሚበራው ከእሷ ላይ ነው። ፍየል ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ክር ትወርሳለች። ጉድለቱ በአንዱ ብቻ ከሆነ ሌላው ያበራላታል፤ ትወልዳለች። ከሁለቱም ከመጣ ጨለማ ነው።» ወረቀቱን አጠፈች። «ለሽያጭ የተለዩት ጎዳ ሴቶች ደግሞ ዘራቸው ሁሉ ቀንድ አልባ እንዲሆን ጉድለቱን ከአባትም ከእናትም የወረሱት ብቻ ናቸው። ኦቦ ከድሩ፣ ሰኞ ልትሸጡት የነበረው መካን መንጋ ነው።»

«ግን ወልደዋል እኮ!» አለ ከድሩ። «መዝገቡ ላይ ሃያ ስድስት ግልገል...»

«የቀንዳሞቹ ግልገሎች ናቸው። እያንዳንዱን ከአደ ራቢአ ጋር ቁጭ ብለን ለየን። እሳቸው አንዱንም እናት አልሳቱም። መዝገቡ ሁሉንም ስቷል።»

ወደ ፈቀደ ዞረች።

«ላሊሴ አርብ ዕለት ለእርስዎ ነገረችዎ። የሰባት ዓመት ሥራዎን በአንድ ወረቀት አፈረሰችብዎ። ናይትሮጂኑን ደፉ፣ ቀዳዳውን ወተፉ፣ ዘሩን አምጪልኝ ብለው ላኳት፤ በሩን ከኋላዋ ሸጎሩት። ከዚያ ሁለት ነገር ፈለጉ፤ ለፖሊስ የት እንደነበሩ፣ ለገዢዎች ደግሞ ጎዳ ፍየል እንደምትወልድ። ገና ያልተመዘገበ አዲስ መንታ በረቱ ውስጥ አለ፤ አንድ መስመር ጻፉ። ማታውኑ ግልገሎቹን ወደ ቁጥር አርባ ጉረኖ አዛወሩ። ያ አንድ መስመር ሁለት ውሸት ተሸከመ፤ አንዱ ወደ ፖሊስ ይነበባል፣ አንዱ ወደ ገዢ። ሟቿ ስትለፋበት የኖረችው ነገር እርስዎን አላስተማረዎትም፤ ተደራርበው የተጻፉ ነገሮች አንዱ ሲቆረጥ ሌላው አይተርፍም። ፍየሏ መካን ከሆነች አዋላጁም አልነበረም።»

«ይኸ ግምት ነው» አለ። እግሩን ግን ወደ ኋላ ሳበ።

«ነጠላ ጫማውን ያውልቁ።»

አላወለቀም። ሁለተኛው ፖሊስ ጎንበስ ብሎ አወለቀለት። ከእግሩ ጣቶች በላይ ቆዳው ነጥቶ ተልጧል፤ ዙሪያው ውሃ ቋጥሯል።

ሐኪሟ ቀረብ ብላ አየችው። «ይኸ የብርድ ቃጠሎ ነው። ፈሳሹ ጫማ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል።»

«እኔን አርባ ዓመት ፍየል ረግጣኛለች» አልኩ። «ይጠቁራል፣ ያብጣል። ውሃ ቋጥሮ አያውቅም። እሱንም ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ፈቀደ በጉረኖው አጥር ላይ ተደገፈ።  ሲናገር እኛን አላየም፤ አርባን ነው የሚያይ።

«አንድ ወር ስጪኝ አልኳት። ሽያጩ ይለፍና አስተካክለዋለሁ አልኳት። ‹የመናገሻ ገበሬ ለዓመት ጠብቆ መካን ቢያገኝስ?› አለችኝ። እንዲህ አለችኝ፤ ቁጭ ብላ፣ እንደ መምህር! እኔ ያስተማርኳት ልጅ!»

«ያስተማርካትስ እሷን ነው» አልኩት። «ራስህን አላስተማርክም።»

ወሰዱት። ነጠላ ጫማው አንዱ በረቱ ውስጥ ቀረ፤ ማንም አላነሣውም። ቡራዩ ያለችው የላሊሴ እናት ልጇ የሞተችበትን ምክንያት ስታውቅ ምን ታተርፋለች? ላሊሴ አትመለስ። ከድሩ መሀረቡን ከአፍንጫው አወረደና የመጀመሪያ ቃሉ «ገዢዎቹን አሁን ምን እላቸዋለሁ?» ነበር። እንደ ሰው አላየሁትም፤ ወደ ሳጅኑ ዞርኩ።

ዱርሲቱ የዓቃቤ ሕጉ ፊርማ ያለበትን፣ ሶያማ ይፈታ የሚል ወረቀት እየሰጠችው ነበር። ጠዋት ነው ያስፈረመችው። ሳጅኑ ተቀብሎ አነበበ፤ ሰዓቱንም አየ።

«ጥሩ። ነገ በሥራ ሰዓት ይፈታል» አለ። «አሁን መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነው።»

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«አስር ተኩል።»

«መዝገብ ቤቱስ?»

«አስራ አንድ ተኩል፤ ግን እስክንደርስ...»

«‹አሁኑኑ ሂድ ነው የሚሉኝ፣ እማማ?› ብትለኝ፣ አዎ እላለሁ። ስማኝ፣ ሳጅን። የሶያማ ሚስት አሁን እዚሁ ግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ስምንት ወር ሆዷን ይዛ። ስድስት ቀን ሙሉ ሰው ‹የነፍሰ ገዳይ ሚስት› እያለ ሲጠቁማት ቁልቁል ስትወርድ፣ ሽቅብ ስትወጣ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ እንኳ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። ያን ወሬ የዘራው ያንተ እጅ ነው።»

«እማማ፣ ሥነ ሥርዓት አለው፤ መኪናውም ዶክተሩን ይዞ ሄዷል...»

«መኪና አልጠየቅኩህም። እግር አለህ። አሁን ከእኔና ከሷ ጋር ትወርዳለህ። በገዛ እጅህ በሩን ትከፍትለታለህ። ከዚያ በገበያው መሀል፣ ሰው ሳይበተን፣ ከጎኑ ሆነህ ቤቱ ድረስ ትሸኘዋለህ። ለሚያይህ ሁሉ፣ ለሻጩም ለሸማቹም ለሊስትሮውም፣ ‹ሶያማ ንጹሕ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› ብለህ በአፍህ ትናገራለህ፤ ጮክ ብለህ። ተነሥ፣ ቅደም።»